ዋና ክልክል ነው

የሰደበኝን ሰው አልረሳም። ቀኑንም አልረሳም፤ ሰዓቱንም፣ የለበሰውንም አልረሳም። ሌላው ሰው የተወለደበትን ቀን ሲቆጥር እኔ የተዋረድኩበትን እቆጥራለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ሐይቁ ዳር ባለው የእንጨት መሳፈሪያ፣ ከጫፉ ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ቆሜ ነበር። የሰደበኝ የምወዳት ልጅ አባት ነው፤ የጉዞ ድርጅት ባለቤት። ሰማያዊ ኮፍያ አድርጎ ነበር። እኔ ጀልባ ነጂ ነኝ። የሱ አውቶቡስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ሰው ያመጣል፣ እኔ ሐይቁን አዙሬ እመልሳቸዋለሁ። ያን ቀን አስጎብኚዋ ልጁ ከጀልባ ስትወርድ እጇን ያዝኩ። የሁሉንም ሰው እጅ እይዛለሁ፤ ሥራዬ ነው። የእሷን ግን ትንሽ አቆየሁት። ምን ያህል ብትሉኝ፣ ሰው አንድ ጊዜ ተንፍሶ እስኪጨርስ።

አባቷ አየ።

«ይሄን ሰውዬ ታዩታላችሁ?» አለ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ። አርባ ሁለት ነበሩ፤ ቆጥሬ ነው የማሳፍረው። «ይሄ መልሕቅ ማለት ነው። ያለ እሱ ጀልባ አይቆምም፤ አልዋሽም። ግን ቦታው ታች፣ ጭቃው ውስጥ ነው። መልሕቅ ሳሎኑ ያስገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አርባ ሁለት ሰው ሳቀ። ኧረ አርባ አንድ ነው፤ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ አልሳቁም። ሳቁ ግን አይደለም የጎዳኝ። ሳቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። የጎዳችኝ እሷ ናት። ቀና ብላ አንድ ቃል ትናገርልኛለች ብዬ ዓይን ዓይኗን ሳይ፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየች።

ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ስሜን ረስቶ «መልሕቅ» ይለኛል። እኔም አቤት እላለሁ።

ይሄ ሁለተኛው ስድቤ ነው። የመጀመሪያውን ካልነገርኳችሁ ግን የሆነው ነገር አይገባችሁም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሰኞ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ የቋንቋ መምህሩ አስነሥቶ አስነበበኝ። «ልጆቹ በዋናው በር ገቡ» ይላል መጽሐፉ። እኔ «ዋና»ን አላልቼ አነበብኩት፤ ውሃ ላይ እንደሚዋኘው ዋና። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«እየዋኙ ነው የገቡት?» አለ።

ክፍሉ ደወል እስኪደወል ሳቀ። «አንተ ላላ፣» አለኝ መምህሩ፣ «ጠበቅ ማድረግ የሚባል ነገር እናንተ ቤት የለም?» ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሜ ላላ ሆነ። በሳምንቱ ደብተሬን ለእህቴ ሰጥቼ ወደ አጎቴ ጀልባ ወረድኩ።

አንድ ነገር ግን ለራሴ ማልኩ። ከእንግዲህ ዓይኔ ላይ የወደቀውን ቃል ሁሉ አጥብቄ ነው የማነበው። ላልቶ ከሚያስቅብኝ ጠብቆ ይበጠስ። ሰው በተሰደበበት በኩል ይደነድናል፤ የደነደነበት ቦታ ደግሞ አይሰማውም። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው።

እሷን ያወቅኳት በቀልድ ነው። አስጎብኚ ሆና በመጣች የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የድምፅ ማጉያውን ይዛ ከጀልባው ፊት ቆመች። ሐይቁ ዳር አንድ የቆርቆሮ ምልክት አለ። «ዋና ክልክል ነው» ይላል፣ በቀይ ቀለም።

«ክቡራን ተጓዦች፣» አለች ቃሉን አጥብቃ፣ «እንደምታዩት እዚህ ሐይቅ ላይ ዋናው ነገር ክልክል ነው። ትርፍ ትርፉን ግን እንደፈለጋችሁ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ ቃል እኮ ነው፤ እሷ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን አላመመኝም። ሞተሩ ጋ ሆኜ ስስቅ ዞር ብላ አየችኝ። ያቺ አስተያየት እንደ ስንጥር ገብታ ቀረች።

ከዚያ ደብዳቤ ጀመርን። ካሉን ላይፍ ጃኬቶች የውስጥ ኪስ ያለው አሥራ አራት ቁጥር ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አራትን ትለብሳለች፤ የእኔን ታወጣለች፣ የራሷን ትከታለች። እኔ አጭር ነው የምጽፈው። «ሐሙስ ነፋስ ነበር። አሰብኩሽ።» ይኸው ነው።

«አንተ ሰው፣ ደብዳቤህ እኮ የመንገድ ምልክት ነው የሚመስለው» አለችኝ አንድ ቀን።

እሷ እንደምታወራው ነው የምትጽፈው። ባገኘችው ወረቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉዞ ትኬት ጀርባ፣ ተናጋሪውን ከኋላ እያስከተለች። «ዛሬ ይዘንባል አለ ሾፌሩ። አይዘንብም አልኩት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።» ሳነበው ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። የሰባት ወር ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በሳምንት አንድ ቀን የሚኖር ሰው ሆንኩ።

ከዚያ አባቷ መጣ፤ የነገርኳችሁን ተናገረ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከአጠገቧ አልተለየም። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሲወርዱ ጃኬቶቹን ሰበሰብኩ። አሥራ አራት ኪስ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ትኬት አገኘሁ። የላይኛውን እጥፋት ስገልጥ የመጀመሪያው መስመር ታየኝ። ትኬት ጠባብ ነው፤ በእሷ ጽሕፈት አንድ መስመር ከሦስት ቃል አይበልጥም።

«ሌላ ሰው አለ»

አጥብቄ አነበብኩት። እንደማልኩት። ሌላ ሰው አለ፤ ማለትም ይኖራል፣ የሆነ ቦታ ቆሟል፣ ሳሎን የሚገባ ዓይነት ሰው ነው። የቀረውን እጥፋት አልገለጥኩም። ስድብን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ማን ነው? ድምፅዋም አልተሰማኝ፤ የተናደደ ሰው ጆሮ የለውም። ጨምድጄ ውሃው ላይ ጣልኩት። ትኬቱ ቶሎ አልሰጠመም። ጥቂት ተንሳፍፎ ሄደና ጠፋ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐይቁ መሐል ነበርኩ፣ ሌሎች ሰዎች ጭኜ። የሕዝብ አውቶቡስ ዳር ላይ ቆመና አንድ ሰው ብቻ ወረደ። እሷ ናት። ትልቅ ሻንጣ ይዛለች። መጥታ ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ቆመች፤ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ውሃው አየች። እኔም «ልትሰናበት ነው» አልኩ። «ወደዚያኛው ሰው ከመሄዷ በፊት ሻንጣዋን ልታሳየኝ ነው።» መሪውን ጠመዘዝኩና ከወፎች ደሴት ጀርባ ገባሁ። ተሳፋሪዎቹ «ወፍ በቃን እኮ ወንድም» እስኪሉኝ ድረስ እዚያው ዞርኩ። ከዚያ ማዶ አወረድኳቸው። እስኪመሽ አልተመለስኩም።

ስመለስ ሳንቃው ባዶ ነበር። አሸነፍኩ አልኩ። ያሸነፈ ሰው ለምን ምግብ እንደማይበላለት ግን የሚነግረኝ አጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አውቶቡሱ መጣ። ጎኑ ላይ ጨርቅ ተወጥሯል፤ «የድርጅታችን ሃያኛ ዓመት»። መጀመሪያ የወረደው አባቷ ነው። ሰማያዊ ኮፍያ፤ ያው ራሱ። ከኋላው ነጭ አዲስ ጫማ ያደረገ ኢንጂነር የሚሉት ሰው ወረደ። ረግጦ የማያውቀውን መሬት እንደሚረግጥ ድመት እግሩን እያነሣ። ከዚያ የቆዩ ደንበኞች፤ ከእነሱ መሐል እማማ ነርሷ፣ ያን የማይስቅ ፊታቸውን ይዘው።

መጨረሻ ላይ እሷ ወረደች።

ሁለት ዓመት አላየኋትም፤ አውቶቡሱ በሌላ አስጎብኚ ነበር የሚመጣው። ፀጉሯን አሳጥራለች። ወደ ጃኬቶቹ ሄደች፣ ቁጥር በቁጥር እያየች አለፈች፣ አሥራ አራትን አነሣች። ስትለብሰው እጇ ወደ ውስጥ ኪሱ ገብቶ ወጣ። ሁለት ዓመት ባዶ የከረመ ኪስ ነው። ምን ፈለገችበት?

ተራዋ ደረሰና እጄን ዘረጋሁ። «እጅዎን ይስጡኝ።»

«እርስዎ ሆንኩ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለእንግዳ የምንለው ነው።»

«እንግዲያው እንግዳዋ ራሷ ትሳፈራለች።» ዘላ ገባች። ጀልባው ተወዛወዘ፤ እኔ ነኝ ግን ልወድቅ የነበርኩት።

ሞተሩን አስነሣሁ። ሐይቁ ያን ቀን ጸጥ ብሎ ነበር፤ እንደ አዲስ የተነጠፈ አንሶላ። አባቷ መሐል ላይ ቆሞ ኢንጂነሩን ትከሻው ላይ መታ መታ እያደረገ ለሰው ያስተዋውቃል።

«ዛሬ ሁለት ደስታ ነው ያለን፣» አለ። «አንደኛው ሃያ ዓመታችን። ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው ወር ልጄና ኢንጂነሩ ጎጆ ይወጣሉ።»

«ልጅቷ ታውቃለች?» አሉ እማማ ነርሷ፣ ለማንም ሳይሆን ለውሃው።

«ኧረ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው፣» አለ ኢንጂነሩ። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

እሷን አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ማጉያውን የያዘው እጇ ጣቶቹ ነጥተዋል።

«መልሕቅ፣» አለኝ አባቷ፣ «ደሴቷ ጋ አቁምልን፤ ፎቶ እንነሣ።»

ሞተሩን አጠፋሁ። መልሕቁን ወረወርኩ። ገመዱ እየተተረተረ ወረደ።

«ይኸው፣» አለ፣ «ሁለቱም መልሕቆች ሥራ ላይ ናቸው።»

ሳቁ። ጥርሴን ነከስኩ። ለዚህ ሰው የምመልሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳብሰለስለው የቆየሁት መልስ ነበረኝ፤ አንድ ብቻም አይደለም። አፌ ላይ ደርሶ ሳለ ማጉያው ጮኸ።

«ክቡራን ተጓዦች፣» አለች፤ ያው የሥራ ድምፅዋ ነው። «በቀኛችሁ የወፎች ደሴት ነው። በግራችሁ ራቅ ብሎ ምልክቱን ታያላችሁ፤ ዋና ክልክል ነው። ከኋላችሁ ደግሞ፣ ሞተሩ ጋ የተቀመጠው ሰው፣ እወደው የነበረ ሰው ነው።»

ሠላሳ አንድ አንገት ዞረ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣኝ፤ የጉብኝቱ አካል መስሎታል መሰለኝ።

«ልጄ፣» አለ አባቷ፣ «ማጉያውን አስቀምጪ።»

«አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።» ወደ ሰዎቹ ተመለሰች። «ይሄ ሐይቅ ጥልቀቱ አርባ ሜትር ነው፤ ተለክቷል። ይሄ ሰው ግን አልተለካም። ሁለት ዓመት አንድ መልስ ጠብቄ አንድም አላገኘሁ። አስጎብኚ የማታውቀውን ብትጠየቅ ‹አላውቅም› ማለት አለባት። እኔም አላውቅም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ተነሣሁ። ስነሣ ጀልባው ዘመመ። አልደበቅም፤ ንዴቴ ነው ያነሣኝ።

«መልስ? ‹ሌላ ሰው አለ› ብለሽ ጽፈሽ ምን መልስ ፈለግሽ?»

«እኔ?»

«አንቺ። በራስሽ እጅ። በትኬት ጀርባ። ሌላ ሰው አለ።»

ማጉያውን ከአፏ አወረደች። የደሴቷ ወፎች ብቻ ይሰማሉ።

«እስቲ ድገመው፣» አለች።

«ሌላ ሰው አለ።»

«እንደዚያ ነው ያነበብከው? አጥብቀህ?»

«ታዲያ እንዴት ይነበባል?»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በቃሏ ወጣችው፤ ሁለት ዓመት ስትደግመው የኖረች ይመስል ነበር፣ ኖራለችም።

«‹ሌላ ሰው› አለ አባቴ። ‹ሌላ ሰው የለም› አልኩት። ጫማዬን ያየሁት አፍሬብህ አይደለም፤ ቀና ብል አለቅስ ነበር፣ ሰው ፊት ካለቀስኩ ደግሞ እሱ አሸነፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ ብቻዬን እመጣለሁ። ሳንቃው ላይ ቆሜ አገኝሃለሁ። እጅህን ስጠኝ።»

ላልቶ ነው። በጆሮዬ ስሰማው ላልቶ ነው። አንዲት «ለ»። አለ አባቴ። ይዘንባል አለ ሾፌሩ እንደምትለው። ሁለተኛው መስመር እጥፋቱ ሥር ነበረ፣ «አባቴ» ብሎ ይጀምር ነበረ፣ እኔ አልገለጥኩትም። መምህሩ አላልተህ አነበብክ ብሎ አሳቀብኝ፤ እኔ አጥብቄ ሳነብ የሳቀብኝ የለም። ያ ነው የከፋው።

«ምን ነካው ልጁን?» አሉ እማማ ነርሷ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። «ነጣ እኮ። ልቡ ነው?»

«አይ እማማ፣» አለ ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ፣ «ፊደል ነው።»

እሷ ከእኔ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። «የቀረውን አላነበብከውም?»

«አላነበብኩትም። ውሃው ላይ ጣልኩት።»

«ያን ቅዳሜ ግን አልነበርክም፤ አይደል? ሥራ አልገባህም። አላየኸኝም።»

መውጫ ሰጠችኝ። በሩን ከፍታ ያዘችልኝ፤ «አዎ፣ አልነበርኩም» ማለት ብቻ ነው። ሁሉም ሰው የሚገባበት በር ነው፤ ዋናው በር። ግን ሁለት ዓመት እሷን በሐሰት ስከስ ኖሬ፣ ሌላ ሐሰት መጨመር አቃተኝ።

«ነበርኩ፣» አልኩ። «አየሁሽ።»

«ሻንጣዬን?»

«ሻንጣሽንም። እጅሽን ግንባርሽ ላይ አድርገሽ ነበር። መሪውን ጠምዝዤ ከዚህች ደሴት ጀርባ ገባሁ።»

ደሴቷን ዞራ አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታያት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለስንት ሰው ያስጎበኘቻት ደሴት ናት።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆምኩ እኮ፣» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ አውቃለሁ፤ ማስቀመጫ አለኝ። ይሄን ግን የማስቀምጥበት አጣሁ።

አባቷ እጁን አጨበጨበ፤ ሰው እንዲበተን እንደሚያደርግ። «በቃ። ጉብኝቱ አልቋል። አንተ፣ መልሕቁን አንሣና መልሰን።»

ገመዱን ሳብኩ። መልሕቁ ከታች ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ። ቦታው ከኔ መቀመጫ ሥር ነው። እዚያ አላስቀመጥኩትም። በሰዎቹ መሐል ይዤው ሄድኩ፤ ጭቃው ይንጠባጠባል፤ ኢንጂነሩ ነጭ ጫማውን ሰብስቦ አሳለፈኝ። መሐል ላይ፣ ንጹሑ ምንጣፍ ላይ፣ አባቷ እግር ሥር ቀስ ብዬ አኖርኩት።

ከዚያ እማማ ነርሷ፣ ያን የሁለት ዓመት ስድብ በጆሯቸው የሰሙት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሳሎን ገባ፣» አሉ።

የዚህ ጊዜ ሳቅ በኔ ላይ አልነበረም። አባቷ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። እኔ ሞተሩን አስነሣሁ። መመለሻው ሩብ ሰዓት ነው፤ ረጅም ሩብ ሰዓት። እሷ ፊት ቆማ ማጉያውን ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ጀርባዋን እያየሁ ነዳሁ፤ ጀርባዋም የማይምረኝ መሰለኝ።

መሳፈሪያው ደረስን። ገመዱን አሰርኩ። ሰዎቹን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዤ አወረድኩ፤ አባቷ እጄን አልያዘም። መጨረሻ ላይ እሷ ቀረች። ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

«እጅሽን ስጪኝ፣» አልኩ። አንቺ ብዬ።

እጄን አየችው። ተጠጋች፣ ጃኬቱን አወለቀች፣ እጇን ሳይሆን አሥራ አራት ቁጥርን ክንዴ ላይ አንጠለጠለችው።

«እጄን አይደለም፤ ይሄን ያዝ። ጠዋት ነው የጻፍኩት፤ ምንም ሳላውቅ። አሁንም የምለውጠው ቃል የለም።» ራሷ ወረደች። «እስከ መጨረሻው አንብበው።»

ሄደች። ሰዎቹ ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ እሷም አብራ የምትሳፈር መስሎኝ ነበር። የአውቶቡሱን በር አልፋ ሄደች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋላት፤ አልዞረችም።

ኪሱ ውስጥ ትኬት ነበረ፤ አራት ቦታ የታጠፈ። አራቱንም እጥፋት ገለጥኩ። መስመር በመስመር፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ እንደ ስድስተኛ ክፍል ልጅ አነበብኩት። አላጠበቅኩም፤ አላላላሁም፤ ድምፅዋን ጠብቄ ነው ያነበብኩት።

«ዛሬ የአባቴን አውቶቡስ የምሳፈረው ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ሰው አግኝቼልሻለሁ አለ። ይቅናው አልኩት። ያኔ ሻንጣ ይዤ መጣሁ፣ አንተ አልመጣህም። ዛሬ ሻንጣ የለኝም፤ ዳግመኛ ሳንቃው ላይ ቆሜ አልጠብቅም። ሲያበቃ የአስፋልቱን ዳር ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ። የምትነግረኝ ነገር ካለህ ተከተለኝ። ከሌለህ እዚያው ቅር። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።»

ቀና ስል አባቷ ፊቴ ቆሟል። ከኋላው ሰዎቹ ወደ አውቶቡሱ ሳይገቡ ቆመው ያያሉ፤ ልክ እንደዚያ ቀን።

«ስማኝ፣» አለ። ድምፁን ሰው እንዲሰማው አድርጎ ነው። «ከእንግዲህ የኔ አውቶቡስ እዚህ ሐይቅ አይደርስም። ቅዳሜህን እርሳው። አሁን አንድ ጥያቄ መልስልኝ። ልጄ የተማረች ናት። ቤት አላት፣ ወገን አላት። አንተ ለእሷ ምን አለህ? በል ንገረኝ፤ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ይስሙ። ምን አለህ?»

ነበረኝ። ሁለት ዓመት የሳልኩት መልስ ነበረኝ። «መልሕቅ የሌለው ጀልባ የነፋስ መጫወቻ ነው» የሚል ነበረኝ። «ሳሎንህ ከሐይቄ ይጠባል» የሚል ነበረኝ። ኮፍያውን የሚነካ ነበረኝ፣ ሃያ ዓመቱን የሚነካ ነበረኝ፤ አርባ ሁለት ሰው የሚያስቅ፣ እሱን ደግሞ ጫማውን የሚያሳይ መልስ ነበረኝ። ሁሉም ምላሴ ሥር በተራ ተሰልፈው ቆሙ።

አስፋልቱ ዳር፣ ከምልክቱ አለፍ ብሎ፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ትታየኛለች። እንደጻፈችው ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን አይቆምም።

አሥራ አራት ቁጥርን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ትኬቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩ። በእሱ ጎን አለፍኩ፤ ትከሻዬ ትከሻውን አልነካም። በሰዎቹ መሐል አለፍኩ። እማማ ነርሷ መንገድ ለቀቁልኝ።

«አንተ፣ እያናገርኩህ ነው፣» አለ ከኋላዬ። «ምን አለህ?»

«ዋና ክልክል ነው» ከሚለው ቆርቆሮ ሥር ስደርስ እንደገና ጠራኝ፤ ነፋሱ ድምፁን አላላው፣ ከዚያ አጠበቀው፣ ከዚያ ወሰደው። ዓይኔን ከአስፋልቱ ዳር አላነሣሁም። እርምጃዬን ጨመርኩ።